የቡና ለቃሚዋን ውሎ ማን ቆጠረው?

በሰቃ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



ከሰቃ ተጭኖ ወደ ጅማ የሚሄድ ከነቅርፊቱ የደረቀ ጀንፈል ቡና ዛሬ ስንት እንዳወጣ እዚህ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቅም ቢኖር አንድ ስልክ ደውሎ ይደርስበታል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የቡና ዋጋ በሰሌዳም በስልክም ይነገራል። (በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያንን ቡና የለቀመችው ሴት ግን የዛሬ ውሎዋ ስንት እንዳወጣ የሚነግራት ሰሌዳ የለም። ከወንዙ ማዶ ያለው ባለ ማሳ በኪሎ ስንት እንደሚከፍል ለማወቅ ተነሥታ መሄድ አለባት፤ ከሄደች ደግሞ የዚያን ቀን ለቀማ ታጣለች። ባለ ማሳውም ቢሆን ጎረቤቱ ስንት ሰው እንደ ቀጠረ፣ ለስንት እንደ ተዋዋለ የሚያውቀው በወሬ ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ ይህን ዓይነቱን ገበያ ዓመታት ወስዶ ስለሚያጠናው ትምህርት፣ በዶክትሬት ደረጃ ስለሚሰጠው የሥራ ገበያ ጥናት ነው። ይህ ጥናት ቡና በሚለቀምባቸው አካባቢዎች፣ በሰቃ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ፣ በጌራ፣ ቡና በሚለቀምበት ወቅት፣ ቡና የሚለቅሙትን ሰዎች ቋንቋ በሚናገሩ ሰዎች መሠራት አለበት ብዬ አምናለሁ። እስካሁን ድረስ በብዛት እንዲህ አልተሠራም፤ በዚህም ምክንያት ስለ ራሳችን ብዙ የማናውቀው ነገር አለ።

በመጀመሪያ ስለ ገበያው ጠባይ ጥቂት ልበል። ጀንፈል ዋጋው ካልጣመ ጎተራ ገብቶ ይቀመጣል፤ የተሻለ ቀን ይጠብቃል። የዛሬ ጉልበት ግን ዛሬ ካልተሸጠ ለነገ አይተርፍም። ቡና የገዛ ነጋዴ ሸቀጡን ጭኖ ሲሄድ ባለ ማሳው እቤቱ ይቀራል፤ ጉልበቷን የሸጠች ሴት ግን ሸቀጧን ተከትላ መሄድ ግዴታዋ ነው። ልጇን አዝላ ትሄዳለች፤ ዝናብ ይመታታል፤ ካቦው ቢሰድባት ይከፋታል፤ ሚዛኑን ካላመነች በማግስቱ አትመለስም። ስለዚህ የጉልበት ዋጋ ሲወሰን ክብርም፣ እምነትም፣ ፍርሃትም፣ ዝምድናም አብረው ይገባሉ። ተማሪው በዶክትሬት ትምህርቱ የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት የሚማረው ሒሳብና ስታቲስቲክስ በሙሉ ይህን የተደባለቀ ነገር በሥርዓት ለመለየት የሚረዳ መሣሪያ ነው። ከዚያ ፈተና አለ፤ ከፈተናው በኋላ የጥናት ሐሳብ ማቅረብ፣ መስክ መውጣት፣ መጻፍና በመምህራን ፊት መከራከር ይከተላል። ይህን ሂደት በዝርዝር አልተርክም፤ በየዩኒቨርሲቲው ደንብ ላይ ተጽፏል። ከባዱ ነገር ጥያቄውን ማግኘት ነው።

ጥያቄዎቹ እዚሁ ናቸው። የጅማ አካባቢ የሥራ ታሪክ ረጅም ብቻ ሳይሆን ሊነገር የሚከብድ ክፍልም አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሂርማታ ገበያ የታወቀው በቡና፣ በዝባድና በዝሆን ጥርስ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር። ባርነት በኢትዮጵያ በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው፤ ስለዚህ የገዛ ጉልበታቸው የራሳቸው ያልነበረ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬም በመካከላችን ይኖራሉ። ስለዚህ ዘመን ካጠኑት አንዱ ኸርበርት ሉዊስ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ነው፤ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቱ የመረጠው ርዕስ የጅማ አባ ጅፋር መንግሥት ሲሆን፣ መጽሐፉ በ1965 ታትሟል። ከእርሱ በኋላ ጉሉማ ገመዳ በ1996 በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ በጊቤ አካባቢ ከ1850 ገደማ እስከ 1974 የነበረውን የመሬት፣ የእርሻና የማኅበረሰብ ታሪክ መረመሩ። የሥራ ገበያን ማጥናት የሚፈልግ ወጣት ከኢኮኖሚክስ መጻሕፍት በፊት እነዚህን ቢያነብ ይሻለዋል። ዛሬ «ኩሎ (ዳውሮ) መጣ»፣ «ከምባታ መጣ» እየተባለ በለቀማ ወቅት የሚጠራው ሰው ከየትና ለምን መምጣት እንደ ጀመረ ታሪኩን ካልያዘ፣ ቁጥሩ ብቻ አይነግረውም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አንድ ምዕራፍ በተለይ ላንሣ፤ አሁንም የሚያስታውሱት አባቶች እዚህ ተቀምጠዋል። በ1975 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ገበሬ ሰው ቀጥሮ ማሳውን እንዳያሠራ ከልክሎ ነበር፤ ሌላ መተዳደሪያ እንደሌላት ሴትና እንደ ሕመምተኛ ካሉት በቀር። ክልከላው የተነሣው በ1990 የኢኮኖሚ ፖሊሲው ሲለወጥ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ቡናው በየዓመቱ ቀልቷል፤ በየዓመቱም ተለቅሟል። በማን? በቤተሰብ፣ በደቦ፣ በመንግሥት እርሻዎች ሠራተኛ፣ ደግሞም በዝምድና ስም በመጣ፣ ቀን በሚለቅም፣ ማታ ተከፍሎት በሚሄድ ሰው። ሕግ የከለከለው ቅጥር በመዝገብ አይገኝም። በሕይወት ያሉትን ሰዎች ጠይቆ ይህን መጻፍ የሚችል የዶክትሬት ተማሪ ካልተነሣ፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም። ይህ የሚያስቸኩል ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ከተማው፣ ሥራ ፍለጋ ወደሚንገላቱት ወጣቶች ልሻገር። በ1994 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ክፍል ከስዊድኑ የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በሰባት ከተሞች 1,500 ቤተሰቦችን መጠየቅ ጀመረ። ከሰባቱ አንዷ ጅማ ናት፤ የተመረጠችውም የቡና አካባቢን እንድትወክል ነበር። እነዚያኑ ቤተሰቦች እየተመላለሱ መጠየቁ ለዓመታት ቀጠለ፤ ከዚያ መረጃ ብዙ ጥናት ወጥቷል። ከሁሉም ይልቅ ትኩረት የሳበው የፒተር ሰርኔልስ ነው። በ2007 ባሳተመው ጽሑፍ በኢትዮጵያ ከተሞች ከሚገኙ ወጣት ወንዶች ግማሹ ሥራ አጥ እንደ ነበር፣ በአማካይም 45 ወር ያህል ያለ ሥራ እንደሚቆዩ አሳየ። ሥራ አጡ ደግሞ ከሁሉ ድሃው አልነበረም። ተምሮ የጨረሰ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ የሚፈልግ፣ ቤተሰቡ ሊያበላው የሚችል፣ የመንግሥት ሥራ የሚጠባበቅ ልጅ ነበር። ድሃው ያለ ሥራ ሊቀመጥ አቅም የለውም፤ ሥራ አጥነት ራሱ የሚሸከመው ቤት ይፈልጋል።

ይህንኑ ጉዳይ ከሌላ በኩል ያየ ሰው ጅማ መጣ። ዳንኤል ሜይንስ በአሜሪካ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ የአንትሮፖሎጂ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጅማ ተቀምጦ ሥራ የሌላቸውን ወጣቶች ውሎ ተከታተለ፤ መጽሐፉ በ2012 ታተመ። አብሯቸው ቡና ጠጣ፣ ጫት ቤት ተቀመጠ፣ ፊልም አየ። መጠይቅ ይዞ አንድ ሰዓት ጠይቆ የሄደ ሰው የማይሰማውን ሰማ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ በተወለደበት ሰፈር ሸክም መሸከም ወይም ጫማ መጥረግ ለምን እንደማይሆንለት፣ ይኸው ልጅ በማያውቁት አገር ግን ከዚያ የከበደ ሥራ ለመሥራት ለምን እንደሚዘጋጅ አስረዳ። ይሉኝታ፣ የቤተሰብ ተስፋ፣ ነገ ከዛሬ እንዲሻል የመፈለግ ጥም፣ ሥራ የሌለው ሰው ቀኑ አልመሽ ሲለው የሚሰማው መጨነቅ፣ እነዚህ ሁሉ በገበያው ውስጥ ዋጋ አላቸው።

ኢኮኖሚስቱ ይህንን «ከዚህ በታች ከተከፈለኝ አልሠራም» የሚል የደመወዝ ወለል አድርጎ ይጽፈዋል። አንትሮፖሎጂስቱ ደግሞ በሰው ዓይን ውስጥ የመኖር ጉዳይ አድርጎ ይጽፈዋል። እኔ ሁለቱም ያስፈልጋሉ ብዬ አምናለሁ፤ ግን አንዱን ምረጥ ብባል መጀመሪያ ጅማ ተቀምጦ ያዳመጠውን አነባለሁ። ቀመሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ለምን ትክክል እንደ ሆነ የሚነግረን እርሱ ነውና።

የሥራ ፍለጋ ራሱም ወጪ ነው። ፒተር ዳይመንድ፣ ዴል ሞርተንሰንና ክሪስቶፈር ፒሳሪደስ በ2010 የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው ሥራ ፈላጊና ሠራተኛ ፈላጊ በአንድ ገበያ ውስጥ ሳሉ ለምን ሳይገናኙ እንደሚቀሩ ስላስረዱ ነው። ይህ ሐሳብ በአዲስ አበባ በተግባር ተፈትኗል። ሳይመን ፍራንክሊን በኦክስፎርድ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ ከከተማው ዳር የሚኖሩ ወጣቶች መሐል ከተማ ሄደው የሥራ ማስታወቂያ እንዲያዩ የትራንስፖርት ገንዘብ ቢሰጣቸው ምን እንደሚሆን መረመረ። ከዚያ ከግሩም አበበና ከሌሎች ባልደረቦች ጋር ሆነው ጥናቱን አሰፉት፤ ወደ 3,000 የሚጠጉ ወጣቶችን በዕጣ ከፈሏቸው። ለአንዱ ቡድን የታክሲ ገንዘብ ተሰጠ። ሌላው ቡድን ለሥራ እንዴት እንደሚቀርብ ሥልጠና አገኘ፤ ችሎታውም ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም ሳይሰጠው ለማነጻጸሪያ ቆየ። ከአራት ዓመት በኋላ የታክሲው ገንዘብ ውጤት ጠፍቶ ነበር፤ ችሎታውን የሚያስመሰክር ወረቀት ያገኘው ቡድን ግን ገቢው ካልተሰጣቸው በአምስተኛ ያህል በልጦ ተገኘ። ውጤቱ በ2021 ታተመ።

ዕጣው ለምን እንዳስፈለገ ላስረዳ፤ የዚህ ትምህርት ልብ እዚህ ላይ ነውና። ሥልጠና የገባውን ካልገባው ጋር ዝም ብለን ብናነጻጽር፣ ሥልጠና የገባው መጀመሪያውኑ ብርቱው ልጅ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ የጥንካሬውን ፍሬ ለሥልጠናው እንሰጣለን። በዕጣ ሲለዩ ግን ብርቱውም ደካማውም በሁለቱም በኩል ይኖራል፤ በኋላ የሚታየው ልዩነት የሥልጠናው ነው። «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» ብሎ ለመጠየቅ ራስን ማስለመድ የዶክትሬት ተማሪ ከሁሉ በላይ የሚደክምበት ነገር ነው። አንድ ባለሥልጣን «ፕሮጀክታችን ይህን ያህል ሰው ሥራ አስያዘ» ሲል፣ ፕሮጀክቱ ባይኖር ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ ሥራ ይይዝ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሰው አገር ያስፈልጋታል።

በዚሁ መንገድ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ሥራ ከጠየቁ 947 ሰዎች ውስጥ (አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ) ለአንዳንዶቹ ሥራው በዕጣ እንዲሰጥ፣ ለሌሎች 300 ዶላር ያህል ገንዘብና አጭር የንግድ ሥልጠና እንዲሰጥ አደረጉ። ፋብሪካና እርሻ ከገቡት ሲሶው በመጀመሪያው ወር ተወው፤ ዓመቱ ሳያልቅ ከሦስት አራተኛ በላይ ወጥቷል። ገቢያቸው ከቀሩት አልበለጠም፤ የጤና ጉዳቱ ግን ብሷል። ገንዘቡን ያገኙት ገቢያቸው በዓመቱ በሲሶ ያህል አደገ። አምስት ዓመት ሲያልፍ ደግሞ በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት አብዛኛው ጠፋ። ስለዚህ «ሠራተኛ አይቆይም፤ ወጣቱ ሰነፍ ነው» የሚል አሠሪ ሲያጋጥማችሁ፣ ወጣቷ ጤናዋንና ገቢዋን አስልታ ወጥታ ይሆናል ብላችሁ መልሱለት። ማስረጃ አለ።

ስለ ለቀማው ግን እንዲህ ያለ ማስረጃ በጣም ጥቂት ነው። በመጀመሪያ ቆጠራውን እንመልከት። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ብሔራዊ የሠራተኛ ኃይል ጥናት ያደረገው በ1999፣ በ2005፣ በ2013 እና በ2021 ነው። የ2005ቱ በመጋቢት፣ የ2013ቱ በሰኔ ተካሄደ። የሥራ ጥያቄው ያለፉትን ሰባት ቀናት ነው የሚመለከተው፤ በእነዚያ ቀናት ጥቂት ሰዓት እንኳ የሠራ ሰው «ሥራ አለው» ይባላል። የ2021ዱ ጥናት በአገር ደረጃ ሥራ አጥነት 8 በመቶ፣ በከተማ 18.7 በመቶ ነው ብሏል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ቡና በመጋቢትም ሆነ በሰኔ አይለቀምም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይህን አካባቢ የሚሞላው ሰው በሰኔ ሰባት ቀናት ውስጥ አይገኝም፤ በሰኔ የሚገኘው እዚያው አገሩ ላይ በቆሎ የሚኮተኩት ገበሬ ሆኖ ነው።

ጊዜው ቢስተካከል እንኳ ቦታው ያስቸግራል። የቤተሰብ ጥናት ቤት ይቆጥራል፤ በቤቱ ውስጥ በቋሚነት የሚኖረውን ሰው ይመዘግባል። ከዳውሮ መጥቶ ለሁለት ወር በባለ ማሳው ጓሮ ዳስ ውስጥ የሚያድር ለቃሚ የማን ቤተሰብ ነው? እዚህ እንግዳ ነው፤ ያገሩን ቤት ሲጠይቁም «የለም፣ ሄዷል» ይባላል። በሁለቱም ቦታ ሳይቆጠር ይቀራል። የለንደኑ የሶአስ ተመራማሪዎች፣ ክሪስቶፈር ክሬመር፣ ዴቦራ ጆንስተን፣ ካርሎስ ኦያና ጆን ሴንደር፣ በኢትዮጵያና በኡጋንዳ ቡና፣ ሻይና አበባ በሚመረትባቸው ቦታዎች አራት ዓመት ያህል ሲሠሩ ይህንን ችግር ለማለፍ በየቦታው የራሳቸውን የነዋሪ ቆጠራ አደረጉ። ያን ጊዜ «ገጠር ውስጥ ሁሉም የራሱን ማሳ አራሽ ነው» ከሚባለው በጣም የሚበልጥ በደመወዝ የሚያድር ሰው አገኙ። ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ብዙም ያልገቡ፣ ባል የሞተባቸው ወይም የተፋቱ ሴቶች ነበሩ። በ2014 ባወጡት ዘገባ ደግሞ የፍትሐዊ ንግድ ምስክር ወረቀት ባላቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አካባቢ የሚቀጠሩ ሰዎች ክፍያ በሌሎች ቦታዎች ከሚከፈለው ያነሰ እንደ ነበር ጻፉ። ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ድርጅት ንጽጽሩን ተቃውሞ መልስ ሰጠ፤ ክርክሩ ከረረ።

ይህ ክርክር በውጭ አገር አዳራሽ ብቻ መቅረቱ ያሳዝነኛል። የኦሮሚያ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ1999 ከተመሠረተ ወዲህ የተሻለ ዋጋ ለገበሬው እንዲደርስ ብዙ ተደክሟል፤ በጎ ሥራ ነው። ገበሬው የተሻለ ሲያገኝ ግን ለቃሚዋ ታገኛለች ወይ? ይህ ጥያቄ ማንንም መክሰስ አይደለም። ሁለት ሄክታር ቡና ያለው ገበሬም ሀብታም አይደለም፤ ለለቀማ የሚከፍለውን ብር በየት አመጣዋለሁ ብሎ በመስከረም እንቅልፍ ያጣል። ግን ገበሬውና ለቃሚዋ አንድ ሰው አይደሉም። በአንድ ስም «የቡና አምራች» ተብለው ሲጠሩ የእርሷ ነገር ይሰወራል።

እዚህ ላይ ለአንድ ሙሉ የዶክትሬት ጽሑፍ የሚበቃ ጉዳይ ላሳያችሁ። የጅማ ቡና ለረጅም ዘመን በአብዛኛው ደርቆ በጀንፈል የሚሸጥ ነበር። ከ2010 ገደማ ጀምሮ በጎማ፣ በጌራና በአካባቢው ቴክኖሰርቭ በተባለ ድርጅት ድጋፍ የኅብረት ሥራ ማኅበራት እሸት ቡና ማጠቢያ ተከሉ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው የዱሮሚና ማኅበር በ2012 ቡናው በአፍሪካ ውድድር አንደኛ ወጣለት። የዋጋው ለውጥ ተጽፏል፤ የሥራው ለውጥ ግን ብዙም አልተጻፈም። ለጀንፈል ሲለቀም ቀዩም፣ ጥሬውም፣ የደረቀውም አንድ ላይ ተጠራርጎ ይወርዳል። ለማጠቢያ ግን ቀዩ ብቻ እየተመረጠ፣ ወደ አንዱ ዛፍ ሦስትና አራት ጊዜ እየተመለሱ ነው የሚለቀመው። በዚህ መንገድ አንዲት ሴት በቀን የምትለቅመው ኪሎ ይቀንሳል። ታዲያ በኪሎ የሚከፈላት ገንዘብ ያንን ያህል ጨመረ ወይ? በማጠቢያው በኩልስ በማድረቂያ አልጋ ዙሪያ እየቆሙ ቡና የሚለዩ ብዙ ሴቶች ሥራ አግኝተዋል፤ እነዚህ ሴቶች ከማሳው የተዛወሩ ናቸው ወይስ ከቤት የወጡ አዲስ ሠራተኞች? ማጠቢያው የተተከለበትን ቀበሌ ካልተተከለበት ጋር፣ ከመተከሉ በፊትና በኋላ አነጻጽሮ መመለስ ይቻላል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ጉዳይ አለ፤ የአሠሪ ብዛት ነው። ጆአን ሮቢንሰን የተባለች እንግሊዛዊት ኢኮኖሚስት በ1933 እንዳስረዳችው፣ ሻጭ ብዙ ሆኖ ገዢ አንድ ሲሆን ገዢው ዋጋ ይሰብራል። የጉልበት ገበያም እንዲሁ ነው። በአንድ ቀበሌ አንድ ደላላ ብቻ ለቃሚ የሚያመጣ ከሆነ፣ የመጓጓዣውንም የሚከፍለው፣ የመጀመሪያውን ብድርም የሚሰጠው እርሱ ከሆነ፣ ለቃሚው የተሻለ ክፍያ ቢሰማም እዳው ሳይከፈል አይንቀሳቀስም። ዴቪድ ካርድና አላን ክሩገር በ1994 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ሲጨምር ምን እንደ ሆነ 410 ምግብ ቤቶችን መርምረው፣ የተፈራው የሠራተኛ ቅነሳ አለመድረሱን አሳዩ። ካርድ በ2021 የኖቤል ተሸላሚ ሆነ፤ ክሩገር በ2019 አርፎ ስለ ነበር አልደረሰበትም። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2019 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም መንገድ ከፍቷል፤ ለግሉ ዘርፍ ሁሉ የሚሠራ ወለል ሳይወሰን ግን ዓመታት አልፈዋል። የሚወሰንበት ቀን ሲመጣ በኪሎ የሚከፈለው ሥራ እንዴት ይታያል? ቦርዱ ማስረጃ ሲጠይቅ ማን ያቀርባል? የኒው ጀርሲ ምግብ ቤት ለሰቃ ማሳ አይመሰክርም።

ማስረጃውን መሰብሰብ ራሱ ሙያ ነው፤ ጥቂት ላሳያችሁ። «በቀን ስንት ታገኛለሽ?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ይመስላል። ክፍያው በኪሎ ነው፤ ኪሎው በወቅቱ መጀመሪያ፣ ቡናው ገና ሳይቀላ፣ አነስተኛ ነው፤ በኅዳር ይበዛል፤ ወደ መጨረሻው ተመልሶ ያንሳል። የጓሮ ቡና ላይ የምትለቅመውና በለጠ በሚባለው ጫካ ውስጥ ዳገት እየወጣች የምትለቅመው እኩል አይሞላላቸውም። የምትበላው እንጀራና ቆሎ፣ የምታድርበት ዳስ ከክፍያው ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ሁለቱ ልጆቿ አብረዋት ከለቀሙ ጆንያው የስንት ሰው ነው? ሕፃናቱ የሚሠሩትን እናት ለማታውቀው ሰው አትናገርም፤ እንድትናገርም ማስገደድ አይገባም። ከሁሉ በላይ፣ በኪሎ የሚከፈላትን ሴት በለቀማ ሰዓት ለአርባ ደቂቃ ማስቆም ገንዘቧን መውሰድ ነው። የተማረ ሰው ይህን ካላሰበ ትምህርቱ ገና አልተጀመረም። ጥያቄው ጠዋት በመንገድ ላይ፣ ማታ ሚዛን ሲጠበቅ፣ ወይም ዝናብ ሲጥል፣ ለጊዜዋም ተከፍሏት መሆን አለበት።

ሰው እየተከታተሉ ማጥናት እዚህ እንደሚቻል የሚያሳይ ሥራ ደግሞ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቷል። ዩኒቨርሲቲው ከአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ከ2005 ጀምሮ በጅማ ከተማ፣ በሰርቦ፣ በየቡ፣ በሸቂና በዙሪያቸው ባሉ ገጠሮች ከ2,000 የሚበልጡ ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆችን መከታተል ጀመረ፤ ስለ ትምህርታቸው፣ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ምግባቸው፣ ስለ ወደፊት ሐሳባቸው በተለያዩ ዓመታት ተጠይቀዋል። እነዚያ ልጆች ዛሬ ከሠላሳ ዓመት አልፈዋል። ከመካከላቸው ማን ማሳ ወረሰ፣ ማን ባጃጅ ገዛ፣ ማን መንግሥት ቤት ገባ? ሴቶቹስ ስንቶቹ ወደ ዓረብ አገር ሄዱ? ጅማ ዞን ልጆቿ በብዛት ወደ ዓረብ አገር ከሚሄዱባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። መንግሥት በ2013 ጉዞውን አግዶ በ2018 ሲፈቅድ፣ እዚህ የቀሩት ሴቶች የለቀማ ክፍያ ተለወጠ ወይ? ሴት ልጅ ከሪያድ በምትልከው ብር የቤተሰቧ ማሳ ሰው ይቀጥራል፤ የሚቀጠረው ደግሞ ከዳውሮ ይመጣል። አንዲት ቤት ውስጥ ሦስት የሥራ ገበያዎች እንዲህ ይገናኛሉ።

እዚህ ላሉት ተማሪዎች፣ በተለይ ለሴቶቹ፣ በግልጽ የምናገረው አለኝ። ይህን ጥናት ለመሥራት የውጭ ዩኒቨርሲቲ ዕድል የግድ አያስፈልግም፤ ብታገኙት ግን ሂዱ። የሚያስፈልገው ጠንካራ ሒሳብ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማንበብ፣ ከዚያም አፋን ኦሮሞና ከተቻለ ከሚመጣው ሠራተኛ ቋንቋዎች አንዱን ማወቅ ነው። የመጨረሻውን ከእናንተ የተሻለ ማንም የለውም። እናቷ በማድረቂያ አልጋ ዙሪያ የቆመች ልጅ የትኛው ጥያቄ ሰው እንደሚያሳፍር፣ ካቦው ሲቀርብ የትኛው መልስ እንደሚለወጥ ሳትማረው ታውቃለች። ሌላው ተመራማሪ ይህን ለማወቅ ዓመት ይፈጅበታል።

ለባለ ማሳዎችና ለማኅበራት መሪዎች ደግሞ ልመና አለኝ። የለቃሚ ስም፣ የመጣበት አገር፣ በየቀኑ የተመዘነው ኪሎና የተከፈለው ብር የተጻፈበት ደብተር በብዙ ማኅበር ይያዛል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ይጣላል ወይም ዕቃ ይጠቀለልበታል። እባካችሁ አትጣሉት። የአሥር ዓመት ደብተር የተቀመጠበት አንድ ማኅበር ብናገኝ፣ በዚህ አካባቢ የለቀማ ክፍያ ከቡና ዋጋ ጋር አብሮ ይወጣ እንደሆነ፣ ሲወርድስ አብሮ ይወርድ እንደሆነ በማስረጃ ልንናገር እንችላለን። የለቃሚዎቹ ስም እንዲሸፈን፣ ደብተሩ ለግብር ጉዳይ እንዳይውል በጽሑፍ ውል ይገባል፤ ውጤቱም በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ መጀመሪያ እዚሁ ይነበባል። የዘንድሮው ለቀማ በጥቅምት ይጀምራል፤ የጥናቱ መጠይቅ በሦስት ቋንቋ ተጽፎ በመስከረም ጥቂት ሰዎች ላይ መሞከር አለበት፤ ለመሥራት የሚፈልጉ ተማሪዎች ከንግግሩ በኋላ እዚሁ እንዲቆዩ እጠይቃለሁ።